ፕሮፌሽናል ቦክስ መቼ ልግባ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳር ቀበሌ 14፦ 20 ዓመቴ ነው። በአማተር 14 ግጥሚያ ተጫውቼ 10ሩን አሸንፌያለሁ። ውጭ አገር የሚኖር ሰው «ፕሮፌሽናል ላድርግህ፣ ፈርም» እያለኝ ነው። ልፈርም?

አትቸኩል። አንተ የለመድከው ባለ 3 ደቂቃ 3 ዙር ነው፤ ፈጥነህ ገብተህ፣ ነጥብ ሰብስበህ ትወጣለህ። ፕሮፌሽናል ከ4 ዙር ይጀምርና 6፣ 8፣ 10 እያለ በዓለም ሻምፒዮና 12 ይደርሳል። ጓንቱም ይቀላል፤ እስከ 66.7 ኪሎ ያለ ቦክሰኛ የሚያጠልቀው 8 አውንስ፣ ማለትም 227 ግራም ገደማ ነው። የሚያርፍብህ ቡጢ ያው አይደለም።

ራስህን እንዲህ ፈትን፦ በ1 ደቂቃ እረፍት 6 ዙር ከረጢት ምታና ጓደኛህ በስልክ ይቅረጽህ። 5ኛው ዙር ላይ ግራ እጅህ ከአገጭህ ወደ ደረትህ ከወረደ ገና ነህ።

ወደ ውሉ እንምጣ። ማናጀር እስከ ሲሶ፣ አሰልጣኝ ደግሞ 10 በመቶ መውሰዳቸው የተለመደ ነው። በ1,000 ዶላር ብትጫወት 333ቱ ለማናጀር፣ 100ው ለአሰልጣኝ ሄዶ 567 ይቀርሃል፤ ግብሩ፣ ቪዛውና የሕክምና ምርመራው ገና አልተነሱም። ስለዚህ የውሉን ዘመን፣ ቲኬትና ሕክምና የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ሰውዬው በዓመት ስንት ግጥሚያ ሊያገኝልህ እንደሚገደድ፣ ካላገኘልህስ ውሉ ይፈርስ እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር። በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ አትፈርም፤ ፓስፖርትህንም ለማንም አትስጥ። «በሳምንት ውስጥ ድረስ» የሚል ጥሪ ሲመጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው የአገሬው ልጅ የሚያሸንፈው እንግዳ ነው። በአማተር የተሸነፍካቸው 4ቱ በፕሮፌሽናል መዝገብህ አይገቡም፤ ከፈረምክ በኋላ የምትሸነፈው ግን እስከ መጨረሻው አብሮህ ይኖራል።

ከጎርጎራ፦ 67 ኪሎ ነኝ። ከ6 ቀን በኋላ በ63.5 ኪሎ ልወዳደር ነው። ላስቲክ ጃኬት ለብሼ በቀትር እየሮጥኩ ነው፤ ይበቃኛል?

አውልቀው። የሚወርድልህ ውሃ ነው፤ ስቡ የትም አልሄደም። 3.5 ኪሎ ከክብደትህ 5 በመቶ ያልፋል። ፕሮፌሽናሎች የሚመዘኑት በዋዜማው ስለሆነ የሚጠጡበት ሌሊት አላቸው። በአማተር ግን የምትመዘነው በግጥሚያህ ዕለት ጠዋት ነው። እግርህ ይከብዳል፣ ጡንቻህ ይኮማተራል፣ የደረቀ ሰው ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ምት ደግሞ ለአንጎል ይብሳል። በዚህኛው ውድድር አሁን ያለህን ክብደት በሚይዘው ከፍ ያለ ምድብ ግባ። ተጋጣሚህ በአካል ይበልጥህ ይሆናል፣ አንተ ግን ጠጥተህ ትገባለህ።

63.5ን ከፈለግክ በሳምንት ግማሽ ኪሎ እያወረድክ 7 ሳምንት ውሰድ። ይህ ከሁዳዴ 55 ቀን ጋር ከገጠመ እንጀራውን ቀንሰህ ምስሩንና ሽሮውን አብዛ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገርበት፤ በፍስክ ግን የጣና ቆሮሶ ደጅህ እያለ ለዱቄት ፕሮቲን ብር ማውጣት አይገባኝም።

ከቀበሌ 11፦ ከረጢት ከመታሁ በኋላ በትንሿ ጣቴ በኩል እጄ ያብጣል።

ሁክህ (ክንድህን አጥፈህ ከጎን የምትሰነዝረው ቡጢ) ሰፍቶ በትንንሾቹ ጉልጥምቶች እያረፍክ ነው። ምቱ ማረፍ ያለበት በአመልካችና በመሃል ጣት ጉልጥምት ነው። ፋሻህ 4.5 ሜትር ይሁን። ጣቶችህን ዘርግተህ ቀለበቱን አውራ ጣት ላይ አስገባና በእጅህ ጀርባ በኩል አዙር፤ በመዳፍ በኩል ከጀመርክ ስትጨብጥ ይላላል። የእጅ አንጓን 3 ጊዜ፣ ጉልጥምቶቹን 3 ጊዜ፣ ከዚያ በየጣቶቹ መሃል እያሳለፍክ በእጅህ ጀርባ ላይ አጣምር፣ አውራ ጣትን አንዴ ጠምጥምና አንጓ ላይ ጨርስ። ስትጨብጥ ጠበቅ፣ ስትዘረጋ ላላ ካለ ልክ ነው፤ ጣትህ ከደነዘዘ ፈተህ እንደገና ጀምር። ስትጨብጥ የትንሿ ጣት ጉልጥምት ሰምጦ ከታየህ ግን ፋሻውን ተወውና ራጅ ተነሳ።

ከዘጌ፣ አንዲት እናት፦ ልጄ ትናንት ልምምድ ላይ በቡጢ ተዘርሮ ለጥቂት ሰኮንድ ራሱን ስቶ ነበር። ዛሬ ራሱን ያመዋል፤ «ነገ እመለሳለሁ» ይላል።

እናቴ፣ ነገ አይመለስም። ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። በአማተር ቦክስ የሕክምና ደንብ ራሱን ሳይስት የተዘረረ ቢያንስ 30 ቀን፣ ከ1 ደቂቃ ላነሰ ጊዜ የሳተ 90 ቀን፣ ከዚያ በላይ የሳተ 180 ቀን ያርፋል። የእርስዎ ልጅ 90 ቀን አለበት። «የራስ መከላከያ አድርጌ ነበር» ቢልዎት አይቀበሉት፤ መከላከያው ቅንድብ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል እንጂ አንጎል ውስጥ የሚደርሰውን መናወጥ አያስቀርም። ሐኪም ሳያየው አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አይስጡት፤ ውስጥ የሚደማ ነገር ካለ ያባብሰዋል። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተደነቃቀፈ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም ቀስቅሰውት አልነቃ ካለ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ድንገተኛ ክፍል ያድርሱት። ለሐኪሙም ስንት ሰኮንድ ራሱን እንደሳተ፣ ያዩት ጓደኞቹ ይንገሩት፤ እሱ አያስታውሰውም።