የበሽተኛ ቤትና ሐኪም ቤት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ሰሞኑን አንዲት ጎረቤታችን እናቴን ስለ እኔ ሥራ ብትጠይቃት «የስልክ ሬዲዮ ይሠራል» ብላ መለሰችላት፤ እኔም ከዚያ ወዲህ «ፖድካስት» ባልሁ ቁጥር ቃሉ ራሱ ያሳስበኝ ጀመር። ቤን ሀመርስሊ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 በጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የጻፈው ይህ ቃል የሁለት ቃላት ስባሪ ነው፤ ግማሹ አይፖድ ከተባለው የሙዚቃ ማጫወቻ፣ ግማሹ ከብሮድካስት የተቆረጠ። ብሮድካስት ደግሞ ሬዲዮ ከመፈጠሩ በፊት ገበሬ ዘሩን በእጁ እየበተነ መዝራቱን የሚገልጽ ቃል ስለነበር፣ እንግሊዝኛ «ብሮድ» ማለትም «ሰፊ» የሚለውን ክፍል ጥሎ «ካስት» ማለትም «መወርወር» የሚለውን ብቻ አስቀርቷል ማለት ነው። አይፖድ እ.ኤ.አ. በ2022 መመረቱ ቢቆምም ስባሪው ስሙ እስካሁን ባፋችን አለ።

የመካከለኛው እስያዋ የኡዝቤኪስታን ቋንቋ ኡዝቤክኛ ግን ቃልን እንዲህ አይሰብርም፤ ግንዱን ሳይነካ ከኋላው ይቀጥላል እንጂ። «ዮል» መንገድ ነው፤ «ቺ» ሲጨመርበት «ዮልቺ» ይሆናል፣ ልክ እኛ «ኛ» ጨምረን መንገደኛ እንደምንለው። «ዶሽ» ግን በአማርኛ አቻ ያጣሁለት ቅጥያ ነው፤ አንድ ነገር የሚጋሩ ሰዎችን ያስተሳስራል። «ቫታን» አገር ነውና «ቫታንዶሽ» የአገር ልጅ ይሆናል፤ «ዮልዶሽ» የመንገድ ጓደኛ ነው፤ የትዳር አጋርም «የዕድሜ ዮልዶሽ» ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1957 ሶቪየት ኅብረት ወደ ሕዋ ያመጠቀቻት የሳተላይቷ የስፑትኒክ ስም በሩሲያኛ አብሮ ተጓዥ ማለት ነው፤ ኡዝቤኮችም ሳተላይትን «ሰው ሠራሽ ዮልዶሽ» ይሉታል። አንድ ቃል ሚስትንም ሳተላይትንም ሲሸከም ከመገረም በቀር ምን ይባላል!

ከፋርስኛ የወሰዱት «ኾና» ደግሞ የእኛን «ቤት» ይመስላል። «ቾይኾና» ሻይ ቤት ነው፤ «ካሳልኾና» ግን ቃል በቃል የበሽተኛ ቤት ሲሆን፣ እኛ ያንኑ ቦታ በሚያክመው ሰው ሰይመን ሐኪም ቤት ብለነዋል።

እ.ኤ.አ. በ1989፣ ኡዝቤኪስታን ገና በሶቪየት ኅብረት ሥር ሳለች፣ ኡዝቤክኛ የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን ከተደነገገ በኋላ የሩሲያኛ ቃላትን የመተካት ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። ክፍለ ሀገር ለማለት በ«ኦብላስት» ፋንታ የመጣው «ቪሎያት» ጸንቷል፤ በእኔ ግምት ማኅተሙም ደብዳቤውም በመሥሪያ ቤት እጅ ስለነበር ነው። አውሮፕላን «ታዮራ» እንዲባል ቢሞከርም፣ የዋና ከተማዋ የታሽከንት መንገደኛ ዛሬም የሚሳፈረው በሩሲያኛው «ሳሞልዮት» ነው።