ቺንጊያውን ፑሌጃው ይምረጠው
ለአሮጌ መኪና ባለቤቶችና ለጋራዥ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ የቮልስ፣ የላዳና የፊያት ባለቤቶች፤ ከእጃችሁ ግራሶ የማይጠፋ የጋራዥ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

አዘጋጆቹ የጠየቁኝ ስለ ሞተር እንድናገር ነበር። ስለ ሞተር ማውራት ከጀመርሁ ግን የምሳ ሰዓት ያልፋል፤ እራቱም ያሰጋል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መዝዤ መጣሁ፤ በዋጋው ከሞተሩ ርካሽ ዕቃዎች አንዱን፣ መንገድ ላይ ሲበጠስ ግን ሞተር የሚያስወርደውን ቺንጊያ፣ ማለትም የጎማውን ቀበቶ። የማነሳው ዲናሞና ፋን የሚያዞረውን ነው። ባለጥርሱ የታይሚንግ ቺንጊያ የራሱ ቀን ያስፈልገዋል።

ሁላችንም የምናውቀው ልማድ አለ። ቺንጊያው ይላላል ወይም ይሰነጠቃል፤ ባለቤቱ ይፈታውና በፌስታል ጠቅልሎ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይዞት ይሄዳል። «እንዲህ ያለ አለህ?» ይላል። ነጋዴው ሁለቱን ቺንጊያዎች በአንድ ጣቱ ላይ አንጠልጥሎ ርዝመታቸውን ያስተያያል። ትንሽ ቢበልጥ «ይወጠራል»፣ ትንሽ ቢያንስ «ይለጠጣል» ይባልና ሒሳብ ይከፈላል። እኔ ይህን ልማድ እቃወማለሁ። ነጋዴው ምንም አላጠፋም፤ የተጠየቀውን ሰጥቷል። ጥፋቱ ያለው ምስክር አድርገን በያዝነው አሮጌ ቺንጊያ ላይ ነው። ያ ቺንጊያ ሲሠራ ኖሮ ተለጥጧል፤ ጎንና ጎኑ ተበልቶ ጠቧል። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ሲጀመርም ትክክለኛው ላይሆን መቻሉ ነው። ከእናንተ በፊት መኪናውን የያዘው ሰው፣ ከእሱም በፊት የነበረው፣ በቸገራቸው ቀን ያገኙትን አስገብተው ይሆናል። ሐምሳ ዓመት የሞላው መኪና ስንት እጅ እንዳለፈ አስቡት።

ታዲያ ማንን እንጠይቅ? ፑሌጃውን፣ ቺንጊያው የሚጠመጠምበትን ባለጉድጓድ መዘውር።

የእነዚህ መኪኖች ቺንጊያ ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። ኃይል የሚያስተላልፈው በሁለቱ ጎኖቹ ነው፤ እንደ ሽብልቅ በፑሌጃው ጉድጓድ ግድግዳዎች መካከል እየተቀረቀረ ይይዛል። የታችኛው ፊቱ ምንም ሥራ የለውም፤ ወለሉን መንካትም የለበትም። ስለዚህ ቺንጊያውን ስትፈቱ ወደ ገበያ ከመሮጣችሁ በፊት ፑሌጃውን በጨርቅ አጽዱና የእጅ ባትሪ አብሩበት። ሁለቱ ግድግዳዎች እንደ መስታወት የሚያበሩ፣ ወለሉ ግን የደበዘዘ ወይም የዛገ ከሆነ የነበረው ቺንጊያ በትክክል ተቀምጦ ሲሠራ ቆይቷል። ወለሉ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን ቺንጊያው ጠብቦ ወይም ከመጀመሪያውም ቀጭን ሆኖ ወለል ላይ ሲንሸራተት ኖሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቺንጊያ የቱንም ያህል ብትወጥሩት ማንሸራተቱን አይተውም። ግድግዳው ራሱ ተበልቶ መሐሉ ጎድጎድ ካለም አዲስ ቺንጊያ አያድነውም፤ የሚቀየረው ፑሌጃው ነው። የቆየ ጥገና ያለፈበት መኪና ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ባለቤቱ ግን በየጊዜው ቺንጊያ እየገዛ ይማረራል።

የስፋቱም ነገር ከዚሁ ይነሳል። አዲሱ ቺንጊያ ጉድጓዱ ውስጥ ሲቀመጥ ጀርባው ከፑሌጃው ከንፈር ጋር እኩል ወይም በትንሹ ከፍ ያለ መሆን አለበት። 10 ሚሊ ሜትር ለሚወስድ ፑሌጃ 13 ሚሊ ሜትር የሆነ ቺንጊያ ከሰጣችሁት አፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የሚይዘው በታችኛው ጠርዙ ብቻ ስለሚሆን ብዙም ሳይቆይ ይፈረፈራል። ርዝመቱ በልኩ ስለሆነ ግን ገዢውም መካኒኩም «ልክ ገባ» ብለው ይለያያሉ።

ቁጥሮቹን እንያቸው። የላዳ 2101 እና የታናናሾቹ ቺንጊያ 10 በ8 በ944 ነው፤ ስፋቱ 10፣ ቁመቱ 8፣ ርዝመቱ 944 ሚሊ ሜትር። በቮልስ በኩል ዲናሞ የተገጠመላቸው 1300፣ 1500 እና 1600 ሞተሮች በተለምዶ 9.5 በ905 ይወስዳሉ፤ እዚህ የሚጻፈው ስፋቱና ርዝመቱ ብቻ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ከፋብሪካ አልተርኔተር (በዲናሞ ፈንታ ባትሪ የሚሞላውን) ይዘው የወጡት ደግሞ ሰፋ ያለውን 11.3 በ912። የጥንቶቹ 1200ዎች ሌላ ልክ አላቸው። እዚህ ላይ ሊብሬያችሁን አትመኑት፤ ሊብሬው የሚነግራችሁ መኪናው ሲሠራ የነበረውን ነው። ከመካከላችሁ ዲናሞውን አውጥቶ አልተርኔተር ያስገባ፣ ሞተሩንም በሌላ የቀየረ ሞልቷል። ሊብሬው ላይ 1300 የተጻፈለት መኪና ሆዱ ውስጥ ሌላ ነገር ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ርዝመት ስትለኩም ተጠንቀቁ። ቺንጊያ በውጭ ዙሪያው ወይም በውስጥ ዙሪያው ሊለካ ይችላል፤ አንዳንዱ አምራች በመሐል ያለውን ይጽፋል። ቁመቱ 8 ሚሊ ሜትር በሆነ ቺንጊያ ላይ የውጭና የውስጥ ዙሪያ ልዩነት 50 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ማለት ደግሞ ጨርሶ አልገባም በማለትና ጨርሶ አልወጠረም በማለት መካከል ያለ ርቀት ነው። ስለዚህ በማይለጠጥ ሲባጎ በፑሌጃዎቹ ከንፈር ልክ ዙሩና የውጭውን ልክ ያዙ፤ ሱቅ ስትደርሱም «ይህ የውጭ ልክ ነው» በሉ።

ወደ መግጠሙ ልምጣ። ላዳ ላይ ጉዳዩ ቀላል ነው። አልተርኔተሩ ይላላል፣ ወደ ሞተሩ ይገፋል፣ ቺንጊያው በእጅ ይገባል፣ ከዚያ ይወጠራል። በውሃ ፓምፑና በአልተርኔተሩ መካከል ያለው ክፍል በ10 ኪሎ ግራም ኃይል ሲጫኑት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መግባት አለበት። በካቻቢቴ እየፈነቀሉ ማስገባት ግን ይቅር። በጎማው ውስጥ ያሉት ክሮች ሲበጠሱ ከውጭ አይታይም፤ የሚታየው ከወር በኋላ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ነው።

ቮልስ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቮልስ ዲናሞ ከቦታው ተንቀሳቅሶ ቺንጊያ አይወጥርም። ፑሌጃው ለሁለት የተከፈለ ሲሆን በሁለቱ ግማሾች መካከል ስስ ሮንዴላዎች፣ ማለትም መሐላቸው ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረቶች፣ ተደርድረዋል። ከመካከል ሮንዴላ ባወጣችሁ ቁጥር ግማሾቹ ይቀራረባሉ፣ ጉድጓዱ ይጠባል፣ ቺንጊያውም ወደ ላይ ተገፍቶ ይወጠራል። ለማላላት ደግሞ ተቃራኒው ነው። የውስጠኛው ግማሽ ጠርዝ ላይ ካቻቢቴ የሚገባበት ክፍተት አለ፤ ካቻቢቴው እዚያ ገብቶ የዲናሞው የላይኛው ቡሎን ላይ ሲደገፍ ፑሌጃው አይዞርም፤ ፑሌጃውን አጥብቆ የያዘው ዳዶ በ21 ቁልፍ ይፈታል። ከመካከል የወጣው ሮንዴላ አይጣልም፤ ከውጭ በኩል፣ ከዳዶው ሥር ይቀመጣል። ጠቅላላ ብዛታቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። ዛሬ ስንቱን ቮልስ ብንከፍት ሮንዴላው ጎድሎ፣ በምትኩ ከወለል የተነሳ ወፍራም ሮንዴላ ገብቶበት እናገኛለን። ይህ የጋራዥ ሥራ ሊባል አይገባውም።

ዳዶውን ስታጠብቁ ሞተሩን በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ አለበለዚያ ቺንጊያው በሁለቱ ግማሾች መካከል ይነከሳል። ሲያልቅ በአውራ ጣት ተጫኑት፤ 15 ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት። ሮንዴላው በሙሉ ወደ ውጭ ወጥቶ ቺንጊያው አሁንም ከላላ ደግሞ ዕድሜውን ጨርሷል፤ ሌላ ብልሃት አትፈልጉለት።

«ጠበቅ ማድረግ ይሻላል» የሚሉ አሉ። አይሻልም። የጠበቀ ቺንጊያ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል፤ ላዳ ላይ የውሃ ፓምፑንም ይጨምራል። ሲጮህ ሳሙና ወይም ሌላ የሚያጣብቅ ነገር የሚቀቡትም ድምፁን እንጂ በሽታውን አያጠፉም። ዘይት የነካው ቺንጊያ ካያችሁ ደግሞ መጀመሪያ ዘይቱ ከየት እንደሚንጠባጠብ ፈልጉ፤ አዲሱንም ያበሰብሰዋልና።

ቮልስ ላይ ይህን ያህል የከረርሁበት ምክንያት አለኝ። ላዳ ላይ ቺንጊያ ሲበጠስ ውሃው እስኪፈላ የሙቀት መለኪያው ሲወጣ ታያላችሁ። ቮልስ ውሃ የለውም፤ የሙቀት መለኪያም የለውም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን የተገጠመው በዲናሞው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ቺንጊያው ሲበጠስ ዲናሞውም ፋኑም አብረው ይቆማሉ፤ የሚነግራችሁ ቀዩ የዲናሞ መብራት ብቻ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዳችሁ፣ አባይን ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ ያ መብራት ከበራ «ባትሪ ነው፣ ከተማ ስደርስ አሳየዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። እዚያው ጥግ ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ቺንጊያው በልኩ ሆኖ ሳለም በዚያ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ አታስጨንቁት፤ ፋኑ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ነውና በሁለተኛ ማርሽ ቢወጣ የበለጠ ይነፍስለታል።

መጠባበቂያ ቺንጊያ ከ21 ቁልፍና ከጠንካራ ካቻቢቴ ጋር መኪናው ውስጥ ይኑር። አሜሪካ ወይም ጀርመን ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ካለ ቁጥሩን ጽፋችሁ ስጡት፤ «የቮልስ ቺንጊያ» ብቻ ካላችሁት የሚመጣው ዕድል ነው። ሻንጣ ውስጥ አጥፎ እንዳይጨፈልቀውም ንገሩት። እዚህ ስትገዙ ደግሞ ወደ ውስጥ ጠምዝዙትና ጎኑን እዩ፤ ፕላስቲኩ ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ጎማም ይሰነጠቃል።

አዲስ የገጠማችሁት ቺንጊያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቦታውን ሲይዝ ትንሽ ይላላል፤ ጥቂት ከነዳችሁት በኋላ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ እንደገና ተጫኑትና ለኩት። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው።

እኔ ጨርሻለሁ። ግቢው ውስጥ ኮፈናቸው የተከፈተ አንድ ቮልስና አንድ ላዳ ቆመዋል። ሮንዴላውን የምትፈቱት እናንተ ናችሁ፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። 21 ቁልፍ የያዘ ሰው ቀድሞ ይውጣ።