«ቁጥራችሁ አይሞላም»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር በዓመታዊው ጉባኤ ላይ ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ከየዩኒቨርሲቲው የመጣችሁ የተማሪዎች ኅብረት ተወካዮች፣ የተከበራችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሊቀ መንበር በዚህ ሰዓት የዓመቱን ሪፖርት ማንበቡ የተለመደ ነው። ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ አላነበውም። ለብዙ ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር ብነግራችሁ ይሻላል።

ተማሪ ሳለሁ የግቢያችን የተማሪዎች ኅብረት ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተማሪዎች ቢሯችን መጡ። ሁሉም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። አንዷ ጥያቄያቸውን በወረቀት ጽፋ ይዛለች። ክለብ መመሥረት ይፈልጋሉ። በጀት ካገኙ ለጠቅላላ ጉባኤና ለትልልቅ ዝግጅቶች የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይቀጥራሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም። እኔ ደንቡን ከመሳቢያ አወጣሁ። ክለብ ለመመዝገብ የ30 ተማሪዎች ፊርማ ያስፈልጋል ይላል። እዚያው ወረቀት ላይ «ቁጥራችሁ አይሞላም» ብዬ ጽፌ መለስኩላት። አነበበችው። ለጓደኞቿ በምልክት ነገረቻቸው። አመስግነውኝ ወጡ።

ማመስገናቸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ደንብ አልጣስኩም፣ ክፉ ቃልም አልተናገርኩም። ግን በግቢው ውስጥ የነበሩት መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች በሙሉ እነዚያ ዘጠኙ ነበሩ። ቁጥሩ በዚያ ዓመት አይሞላም፣ በሚቀጥለውም አይሞላም። ደንባችን በሩን ዘግቶባቸው ነበር፤ ቁልፉን ያዞርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ኅብረት በምርጫ የሚቆም ነገር ነው። በምርጫ ብዙው ያሸንፋል፤ እንዲህ መሆኑንም አምንበታለሁ። ነገር ግን በየግቢው ድምፅ ተቆጥሮ መቼም የማያሸንፉ ተማሪዎች አሉ። ከሩቅ አገር መጥቶ የመማሪያውን ቋንቋ ገና የሚለማመደው አለ። በዊልቸር የሚሄደው አለ። ሃይማኖቱን የሚጋሩት በጣት የሚቆጠሩ ብቻ የሆኑበት አለ። ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ የረገጠ የመጀመሪያው ሰው ስለሆነ ማንን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ የማያውቅ አለ። ልጅ እያሳደገች የምትማር አለች። እነዚህ ተማሪዎች «ኅብረቱ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ቢሉን መልሳችን ምንድን ነው?

መልሱን ስፈልግ ብዙ ጊዜ ወደ ቦሎኛ እመለሳለሁ። በ12ኛውና በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሕግ ለመማር ወደዚህች የጣሊያን ከተማ የሚመጡ ወጣቶች ለአገሩ ባይተዋር ነበሩ። የከተማዋ ዜጎች ስላልሆኑ የዜጋ ከለላ አልነበራቸውም። የቤት ኪራይ ቢወደድባቸው አቤት የሚሉበት የለም። ይባስ ብሎ የአገራቸው ልጅ ዕዳውን ሳይከፍል ቢጠፋ አበዳሪው እነሱን ይይዝ ነበር። የቅድስት ሮማ ግዛት ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባወጣው ድንጋጌ ተማሪን በሌላ ሰው ዕዳ መያዝ ተከለከለ። ተማሪዎቹ ግን በድንጋጌ ብቻ ተማምነው አልተቀመጡም። እንደየመጡበት አገር ተቧደኑ። ቡድኖቹ ተሰባስበው ማኅበር ሆኑ፤ አለቃቸውንም ከተማሪዎች መካከል መረጡ። ማኅበሩ በላቲን ዩኒቨርሲታስ ይባል ነበር። ዩኒቨርሲቲ የምንለው ቃል የመጣው ከዚያ ነው። እየቆየም ኃይላቸው ከመጠንከሩ የተነሳ አርፍዶ የገባን መምህር በገንዘብ ይቀጡ ነበር።

የቦሎኛ ተወላጅ የሆኑ ተማሪዎች የዚህ ማኅበር ሙሉ አባላት አልነበሩም። ከተማቸው ስለምትጠብቃቸው አያስፈልጋቸውም ተብሎ ነው። እርግጥ የዚያ ዘመን ተማሪዎች ወንዶች ነበሩ፣ ብዙዎቹም ከደህና ቤት የመጡ ናቸው፤ ከዛሬዎቹ ጋር አንድ አድርጌ አላያቸውም። ሆኖም እኛ ዛሬ የምንሠራውን ሥራ የጀመሩት በሰው አገር ጠባቂ ያጡ ልጆች መሆናቸውን ሳስብ ያ ወረቀት ላይ የጻፍኩት ቃል ይበልጥ ይከብደኛል።

ቁጥር ብቻውን ነገሩን እንደማይፈታም አንርሳ። ዋሽንግተን ከተማ የሚገኘው ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1864 መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የተቋቋመ ነው። እዚያ መስማት የተሳናቸው ብዙኃኑ ናቸው። ይሁንና 124 ዓመት ሙሉ ከእነሱ መካከል አንድም ሰው ፕሬዚዳንት ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በማርች 1988 የቦርዱ አባላት ሁለት መስማት የተሳናቸውን ዕጩዎች አልፈው መስማት የምትችል ፕሬዚዳንት ሾሙ። ተማሪዎቹ ግቢውን ዘጉ። ከመሪዎቹ አንዱ የተማሪዎች ኅብረቱ ፕሬዚዳንት ግሬግ ህሊቦክ ነበር። ጥያቄያቸው አራት ነው። ፕሬዚዳንቷ ትልቀቅና መስማት የተሳነው ሰው ይተካ። የቦርዱ ሰብሳቢ ትልቀቅ። ከቦርዱ አባላት 51 በመቶው መስማት የተሳናቸው ይሁኑ። አራተኛው፣ በእንቅስቃሴው የተሳተፈ ማንም ሰው እንዳይበቀሉት። በአንድ ሳምንት ውስጥ አይ ኪንግ ጆርዳን የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያው መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት ሆነ።

ሦስተኛውንና አራተኛውን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። እነዚያ ወጣቶች ሰው በማስቀየር ብቻ አልረኩም። ነገ የሚወስነው ማን እንደሆነም ጠየቁ። የተናገረ ሰው ነገ ምን እንደሚደርስበትም አሰቡ። እኛ ብዙ ጊዜ የምንረሳው እነዚህን ሁለቱን ነው።

ለምሳሌ የባህል ቀንን እንውሰድ። የባህል ቀን ደስ ይለኛል፣ ይቀር አልልም። ሙዚቃው ይሰማል፣ ልብሱ ያምራል፣ በየዶርሙ ተገልሎ የሚውለው ልጅ በዚያ ቀን ብቅ ይላል። ግን ኅብረቱ ለባህል ስብጥር ያወጣው በጀት በሙሉ በዚያ አንድ ቀን የሚያልቅ ከሆነ ሥራ አልተሠራም። መድረክ ላይ ያጨበጨብንለት ልጅ በማግስቱ ክፍል ሲገባ ስሙን በትክክል የሚጠራው የለም። የቡድን ሥራ ሲሰጥ ሁሉም ቶሎ ቶሎ ተቧድኖ እሱ ብቻውን ይቀራል። ፈተናው በእምነቱ በዓል ቀን ይውልበታል። ፎቶው ግን በኅብረቱ ማስታወቂያ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይታያል። እባካችሁ ይህን አናድርግ። የማንን ፎቶ እንደምንለጥፍ ስንወስን ያ ሰው ዘንድሮ ምን ጠይቆን ምን እንደመለስንለት እንመልከት።

የፈተናውን ነገር ካነሳሁ አይቀር አንድ ቀላል ነገር ልጨምር። የፈተና ፕሮግራም አንዴ ከወጣ በኋላ ማስቀየር አበሳ ነው። አንዱን ፈተና ስታነሱት ክፍሉ ይጋጫል፣ ፈታኙ ይጋጫል፣ ሌላ ፈተና ይደረብበታል። ሬጅስትራሩ እምቢ ሲል ሁልጊዜ ከክፋት አይደለም። ስለዚህ የትምህርት ዘመኑ እንደተጀመረ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ የእምነት ቡድኖችን የበዓል ቀናት ጠይቁና ሰብስቡ፤ ፕሮግራሙ ሳይረቀቅ በፊትም አስገቡት። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ከሚደረግ ልመና ያድናል።

አሁን ወደ ውክልናው ልምጣ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ንቁ ልጅ እናገኛለን። ወይ አካል ጉዳተኛ ነው፣ ወይ ከሌላ አገር የመጣች ናት። ደስ ይለንና አምስት ኮሚቴ ውስጥ እናስገባዋለን። በየስብሰባው «አንተ ምን ትላለህ?» ይባላል። ያ ልጅ ለራሱም መማር አለበት። ደግሞም ዓይነ ስውሩ ተማሪ ስለ ዊልቸር መወጣጫ፣ የውጭ አገሯ ተማሪ ስለ ውጭ ዜጎች ሁሉ እንዲናገሩ መጠበቅ ልክ አይደለም። የልጁ የትምህርት ውጤት ሲወርድ አይተናል። በሁለተኛው ዓመት ስልክ ማንሳት ሲያቆም «ተሳትፎ የላቸውም» ብለን ሪፖርት ጽፈናል።

እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተው የብሪታንያ የተማሪዎች ብሔራዊ ኅብረት ለብዙ ዓመታት የሠራበት አካሄድ አለ። ጥቁር ተማሪዎች፣ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችና ሴት ተማሪዎች ለየራሳቸው ጉባኤ ተሰብስበው ተወካያቸውን ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እኛ የመረጥነው ሰው ተጠያቂነቱ ለእኛ ነው፤ እነሱ የመረጡት ለእነሱ ነው። እኛ የመረጥነው ሰው ሲያስቸግረን ልንቀይረው እንችላለን። እነሱ የመረጡት ሲያስቸግረን ግን መስማት ግዴታችን ይሆናል።

ገንዘብ ላይ ስንደርስ ደግሞ «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለው አባባል እኛንም ይመለከታል። ለሥራ አስፈጻሚው ቲሸርት፣ ጉዞና መስተንግዶ ገንዘብ ሲጠፋ አላየሁም። ለአስተርጓሚ ሲሆን ግን «በጀት የለም» ይባላል። አስተርጓሚ ስትቀጥሩ ለረዥም ስብሰባ ሁለት ያስፈልጋሉ። የምልክት ቋንቋ ማስተርጎም አእምሮንም እጅንም ስለሚያደክም በየሃያና ሠላሳ ደቂቃው መተካካት አለባቸው። ይህን የማያውቅ ኅብረት የአንድ ሰው ሒሳብ ይይዝና ግማሹ ስብሰባ ሳይተረጎም ያልቃል። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ከእነዚያ ዘጠኝ ተማሪዎች ነው። ሌላ ማን ይነግረኝ ነበር?

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። ኤድ ሮበርትስ በፖሊዮ ምክንያት መንቀሳቀስ የማይችል፣ ሲተኛ የሚያስተነፍሰው ትልቅ ማሽን የሚያስፈልገው ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሊ ሲገባ ማሽኑን የሚችል ዶርም ስላልነበረ ግቢው ውስጥ ባለው ሆስፒታል እንዲኖር ተደረገ። ሌሎችም ተከትለውት መጡ፤ እዚያው ሆነው ተደራጁ። ከዚያ እንቅስቃሴ የተነሳው የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች አገልግሎት ካካተታቸው ሥራዎች አንዱ የዊልቸር ጥገና ነበር። ዊልቸር ማታ ሲሰበር ጠዋት ክፍል መግባት እንደማይቻል የሚያውቀው ተጠቃሚው ነዋ። እኛ ብንሆን ኖሮ ምናልባት ሴሚናር እናዘጋጅላቸው ነበር።

ቅሬታን በተመለከተ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። አንዲት ተማሪ በዘሯ ወይም በአነጋገሯ ተሰድባ ወደ እኛ ስትመጣ መጀመሪያ የምትፈራው ውጤቷን ነው። «መምህሩ ቢያውቅስ? የዶርም ጓደኞቼ ቢያውቁስ?» ትላለች። እኛ ፍርድ ቤት አይደለንም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለንም። ራሳችን መርማሪ ሆነን ሰው ስንጠራና ስናፋጥጥ ብዙ ጊዜ ነገሩን አበላሽተናል። የእኛ ሥራ እስከ መጨረሻው መስማት ነው። ጉዳዩ ለየትኛው ቢሮ እንደሚቀርብ መንገር ነው። ከፈለገች አብረናት እንሂድ። ያለ ፈቃዷ ለማንም፣ ለኅብረቱ ፕሬዚዳንት ጭምር፣ አንናገር። የማንችለውን ቃል አንግባ። ከዚያም በሳምንቱ ደውለን «ምን አሉሽ?» እንበላት። ይህቺ የመጨረሻዋ ሁልጊዜ ትረሳለች። ከባዱ ቅሬታ ማቅረቡ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ሰውን ይሰብራል። በቀል እንዳይደርስባትም እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ዓይናችንን ከእሷ አንንቀል። የጋሎዴት ልጆች አራተኛው ጥያቄ ይህ አልነበር?

ስለ ስብሰባ ሰዓት፣ ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ስለሚደረጉ ስብሰባዎች፣ ስለ ማስታወቂያ ቋንቋ ከሰዓት በኋላ በቡድን ስለምትነጋገሩ አልገባበትም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ24ኛው አንቀጹ የከፍተኛ ትምህርትን ያለ አድልዎ ማግኘትን መብት አድርጎታል። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ አመራር ጋር ስትቀመጡ ውለታ እንደሚለምን ሰው አትሽቆጥቆጡ።

ወደ ዘጠኙ ልመለስ። የ30 ፊርማውን ደንብ በመጨረሻ አስለወጥነው። በምትኩ ለትንንሽ ቡድኖች ቁጥር የማይጠየቅበት የተለየ በጀት ተያዘ። ብዙ ክርክር ነበረበት። «ነገ ሦስት ሰው እየመጣ ገንዘብ ይጠይቃል» ያሉም ነበሩ። በእርግጥም ሦስት ሰዎች መጡ፤ የጠየቁት ለአንድ ሴሚስተር የብሬል ወረቀት ነበር። ደንቡ ሲለወጥ እኔ ለመመረቅ አንድ ወር ቀርቶኝ ነበር። ከዘጠኙ አራቱ ቀድመውኝ ተመርቀው ሄደዋል። ወረቀቱን ያመጣችው ልጅ ከእነሱ አንዷ ናት። አራት ዓመት ተምራ አንድም ጠቅላላ ጉባኤ በአስተርጓሚ ሳትከታተል ሄደች።

ለዚህ ነው ዛሬ አንድ ነገር የቀየርነው። ባለፉት ዓመታት የትንንሽ ቡድኖች ጉዳይ የመጨረሻው አጀንዳ ነበር። ተራው ሲደርስ ግማሹ ሰው ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ይቆማል፣ ሰብሳቢው «በአጭሩ» ይላል። ዘንድሮ የመጀመሪያው አጀንዳ ሆኗል። አቅራቢዎቹ በራሳቸው ቡድኖች የተመረጡ ሰባት ተማሪዎች ናቸው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎቹ በስተቀኜ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ናቸው። ለአቅራቢዎቹ የጊዜ ገደብ አላስቀመጥንም። ጥያቄ ያላችሁ እነሱ ከጨረሱ በኋላ እጃችሁን አውጡ።

ዓመታዊ ጉባኤያችን ተከፍቷል። መድረኩን ለእነሱ እለቃለሁ።