ያነሰ ዕጢ፣ የቀረ ዘር

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች፤

የጡት ካንሰር መድኃኒት ሠራ አልሠራም የምንለው ብዙ ጊዜ ዕጢውን ለክተን ነው። ሰርዶን ከላይ ያጨደ ሰውም ማሳው ጸዳ ሊል ይችላል፤ ዛሬ የምናገረው ግን ከሥር ስለሚቀረው፣ ዕጢን መልሶ ስለሚያበቅለው የካንሰር ግንደ ህዋስ ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. የማይክል ክላርክና የማክስ ዊቻ ቡድን በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከሕሙማን ዕጢ የወሰዳቸውን ህዋሳት በገጻቸው ፕሮቲን እየለየ የበሽታ መከላከል አቅም በሌላቸው አይጦች ጡት ውስጥ ወጋ። ሲዲ44 የተባለው ፕሮቲን ያላቸው፣ ሲዲ24 የተባለው ግን የሌላቸው ወይም ያነሰባቸው ህዋሳት 100 ያህሉ ብቻ ዕጢ አበቀሉ፤ ሌሎቹ በአሥር ሺዎች ተወግተውም አላበቀሉም። ከ9 ሕሙማን በ8ቱ ዕጢ አብቃዮቹ በዚህ ምልክት ተለይተዋል። የካንሰር ግንደ ህዋስ የምንላቸው እነዚህን ነው።

ፓክሊታክሰል የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት በዋናነት የሚመታው በመከፋፈል ላይ ያለን ህዋስ ነው። ግንደ ህዋሳቱ ግን ብዙዎቹ በዝግታ ይከፋፈላሉ፣ የገባባቸውን መድኃኒት በገጻቸው ፓምፖች መልሰው ያስወጣሉ፤ አልዴሃይድ ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይማቸውም ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን ሌላ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ያከሽፋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከ12 ሳምንት ኬሞቴራፒ በኋላ ድርሻቸው ከ4.7 ወደ 13.6 በመቶ ማደጉን አሳይቷል። ልብ በሉ፤ ይህ መቶኛ እንጂ ብዛት አይደለም። ሌሎቹ ስለሞቱ ብቻም መቶኛው ከፍ ይላል። በዚያው ጥናት ኸር2 የተባለው የዕድገት ተቀባይ ፕሮቲን በበዛበት (ኸር2 ፖዘቲቭ) ዕጢ ላይ ይህንኑ ፕሮቲን የሚያግደው ላፓቲኒብ ሲሰጥ ግን ድርሻቸው አልጨመረም።

ታዲያ ለምን እነሱን ብቻ አንመታም? ጥቂቶቹን ብቻ የሚገድል መድኃኒት ዕጢውን አያሳንስምና በልኬት ከፈተንነው ይወድቃል። ግንደ ህዋሳቱ ራሳቸውን ለማደስ የሚጠቀሙበትን ኖች የተባለ የህዋስ መልእክት መስመር የሚዘጉ መድኃኒቶች ደግሞ አንጀትም ያንኑ መስመር ስለሚፈልግ ከባድ ተቅማጥ ያመጣሉ፤ ስለዚህ በየዕለቱ ሳይሆን እያረፉ መስጠት ተሞክሯል። ግንደ ህዋሳቱን ለመምታት የታሰበው ሪፓሪክሲን የተባለ መድኃኒትም ከፓክሊታክሰል ጋር ተሰጥቶ በተዛመተ ሦስቴ ኔጌቲቭ ካንሰር (የሁለቱ ሆርሞኖች ተቀባይም ሆነ የበዛ ኸር2 በሌለበት) በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን ጊዜ አላራዘመም። ከሁሉ የሚከፋው፣ ተራው የካንሰር ህዋስ ተመልሶ ግንደ ህዋስ መሆን መቻሉ ነው። በእኔ አስተያየት ግንደ ህዋሱንና ተራውን አንድ ላይ ከመምታት ሌላ መንገድ የለም።

ግንደ ህዋሳቱን ለመቁጠር የዕጢው ናሙና ከሕክምናው በፊትና በኋላ ይወሰድ። የሞቱ ህዋሳት ምልክቶቹን የምንለይበትን ፀረ እንግዳ አካል በከንቱ ይይዛሉና በቀለም ተለይተው ይውጡ። ነጭ የደም ህዋሳትም ሲዲ44 አላቸው፤ የነጭ የደም ህዋሳት መለያ በሆነው ሲዲ45 ካልተለዩ የምትቆጥሩት ካንሰሩን ሳይሆን እነሱን ነው።

አመሰግናለሁ።