ቁጥሩ አረንጓዴ ነው፣ ኮዱ ግን አይነበብም

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመላለስ የከረመ ነገር አለ፤ እሱን ላውራችሁ። የኮድ ውስብስብነት እንዴት ነው የሚለካው? የተለካውስ ነገር ምን ይነግረናል?

ሶፍትዌር ላይ የምትሠሩ ሰዎች ሪፖርቱን ታውቁታላችሁ። የጻፋችሁትን ኮድ ልታስገቡ ስትሉ መሣሪያው ቀይ መብራት ያበራል። "ይሄ ፋንክሽን 14 ነው፣ ገደቡ 10 ነው" ይላል። ፋንክሽን ማለት የራሱ ስም ያለው፣ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል ነው። ብዙ ሰው ታዲያ 14ቱ ከየት እንደመጣ እንኳ ሳይጠይቅ ቁጥሩን ለማውረድ ይሮጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ሩጫ ነው።

እስቲ ከመነሻው እንየው። እ.ኤ.አ. በ1976 ቶማስ ማኬብ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሳይክሎማቲክ ኮምፕሌክሲቲ የምንለው ልኬት የመጣው ከዚያ ነው። ከጀርባው ግራፍ ቲዎሪ አለ፤ አቆጣጠሩ ግን ማንም የሚችለው ነው። ፋንክሽኑ ውስጥ መንገድ የሚከፈልባቸውን ቦታዎች ትቆጥራላችሁ። ኢፍ ("እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ" የሚለው) አንድ፣ ሉፕ (ድግግሞሹ) አንድ፣ ስዊች በሚባለው የአማራጮች ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱ ኬዝ አንድ። መጨረሻ ላይ አንድ ትደምራላችሁ። በቃ። ምንም ቅርንጫፍ የሌለው ፋንክሽን 1 ይሆናል።

10 የሚለውን ገደብ ያመጣውም ራሱ ማኬብ ነው። ግን ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ገደቡን ያቀረበው እንደ ምክንያታዊ ወሰን እንጂ ተአምር እንዳለው ቁጥር አይደለም። ረጅም ስዊች ሲሆን ገደቡን ማለፍ ችግር እንደሌለውም እዚያው ጽፏል። ዛሬ መሣሪያዎቻችን ቁጥሩን ወስደው ማስጠንቀቂያውን ትተውታል።

ልኬቱን ግን አልንቀውም። ቴስት ላይ፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን ስንፈትሽ፣ ለእኔ ትልቅ ውለታ ይውላል። የአንድ ፋንክሽን ቁጥር 8 ከሆነ፣ ውስጡ ስምንት ራሳቸውን የቻሉ መንገዶች አሉ ማለት ነው። የተጻፉት ቴስቶች ሁለት ብቻ ከሆኑ፣ ማንም ያልሄደባቸው መንገዶች እንዳሉ ወዲያው ታውቃላችሁ። ይሄ ጥርት ያለ፣ ቁርጥ ያለ መረጃ ነው።

ችግሩ የሚመጣው "ይህን ኮድ ሰው ለማንበብ ምን ያህል ይከብደዋል?" ብለን ስንጠይቀው ነው። ሁለት ፋንክሽን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። አንደኛው የወር ቁጥር ተቀብሎ የወሩን ስም ይመልሳል። አሥራ ሁለት ኬዝ አለው፤ በማኬብ አቆጣጠር 13 ነው። ሁለተኛው አንድ ሉፕ አለው፣ በሉፑ ውስጥ ሌላ ሉፕ፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ኢፍ። ይሄኛው 4 ነው። አሁን ሌሊት ባግ (የኮድ ስህተት) ቢነሳ የትኛውን መክፈት ትፈልጋላችሁ? የመጀመሪያውን አንድ ጊዜ ገረፍ አድርጋችሁት ታልፋላችሁ። ሁለተኛው ላይ የውጪው ሉፕ የት እንደደረሰ፣ የውስጡ ምን እንደያዘ፣ ኢፉ መቼ እውነት እንደሚሆን ሁሉንም በአንዴ ጭንቅላታችሁ ውስጥ መያዝ አለባችሁ።

ከማኬብ አርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የኮድ መፈተሻ መሣሪያ በሚሠራው ሶናርሶርስ ውስጥ ያኔ ትሠራ የነበረችው አን ካምቤል ኮግኒቲቭ ኮምፕሌክሲቲ የሚባል ልኬት ይዛ የመጣችው ይሄንኑ አይታ ነው። በእሷ አቆጣጠር ስዊቹ በሙሉ 1 ነው። የተደራረበው ኮድ ግን በጥልቀቱ ልክ ይቀጣል። የውጪው ሉፕ 1፣ የውስጡ 2፣ ኢፉ 3፤ ድምሩ 6። ደረጃው ተገለበጠ ማለት ነው። እኔ በግሌ ለንባብ ከሆነ ይሄኛውን አምናለሁ።

ሜንቴናቢሊቲ ኢንዴክስ የሚባልም አለ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፖል ኦማን እና ጃክ ሄግማይስተር ያመጡት። የማኬብን ቁጥር፣ የመስመር ብዛትን፣ የሞሪስ ሃልስቴድን ቮልዩም (በኮዱ ውስጥ ካሉት ምልክቶችና ስሞች ብዛት የሚሰላ የመጠን ልኬት) አንድ ላይ ጨምቆ አንድ ውጤት ይሰጣል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ ከ0 እስከ 100 ነው የሚታየው፣ ከ20 ጀምሮ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ልኬት አይጥመኝም። ቀመሩ የመስመር ብዛትን በሎጋሪዝም ስለሚወስድ፣ ከ10 መስመር ወደ 20 ማደግ እና ከ1000 ወደ 2000 ማደግ በመስመር በኩል የሚያስቀንሱት ነጥብ እኩል ነው። እነዚህ ሁለቱ ለሚጠግነው ሰው እኩል ናቸው? በጭራሽ። በዚያ ላይ የአንድ ሞጁል ውጤት ሲወጣ አማካይ ይወሰዳል። ሃምሳ ጥቃቅን ፋንክሽኖች አንዱን ግዙፍ ፋንክሽን ይደብቁታል። ባጉ የሚነሳው ደግሞ ከግዙፉ ነው።

አሁን ወደ ሩጫው ልመለስ። ቁጥር ግብ ሲሆን ሰው የሚሠራው ለቁጥሩ ነው። አንድ ጊዜ ሪቪው ላይ፣ ማለትም የሌላ ሰው ኮድ ስገመግም፣ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ፋንክሽን ገደቡን በእጥፍ አልፏል ተብሎ ነበር። ተስተካክሎ ሲመጣ አምስት ፋንክሽን ሆኗል። ስማቸው ፕሮሰስ ዋን፣ ፕሮሰስ ቱ፣ ፕሮሰስ ስሪ እያለ ይቀጥላል። አምስቱም ያንኑ ሰባት ተለዋዋጭ ይቀባበላሉ። ሪፖርቱ አረንጓዴ ሆነ። እኔ ግን ድሮ ከላይ ወደ ታች አነበው የነበረውን አሁን አምስት ቦታ እየዘለልኩ፣ ማን ምን እንደቀየረ እያሳደድኩ ማንበብ ነበረብኝ። ውስብስብነቱ የትም አልሄደም፤ መሣሪያው ወደማያይበት ቦታ ተዛወረ እንጂ።

መከፋፈል መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እዚያው ኮድ ውስጥ አራት ሁኔታ በአንድ መስመር የሚፈትሽ ኢፍ ነበረ። ትዕዛዙ ተከፍሎበታል? ገና አልተላከም? 30 ቀን አላለፈውም? ስጦታ አይደለም? እነዚህን አራቱን አውጥታችሁ "ገንዘቡን መመለስ ይቻላል ወይ" የሚል ስም ብትሰጡት፣ ቀጥሎ የሚያነበው ሰው ውስጡን ሳያይ ያልፋል። ከጭንቅላቱ ላይ አንድ ሸክም ወረደለት። በሁለቱም በኩል ፋንክሽን ተከፍሏል፣ በሁለቱም ቁጥሩ ወርዷል። ልዩነቱ ያለው ስሙ ላይ ነው፤ ስም እውነት ይናገር አይናገር ደግሞ ከእነዚህ ልኬቶች አንዱም አያውቅም። ሃልስቴድ ስሞቹን ይቆጥራል፣ ትርጉማቸውን ግን አያይም።

ታዲያ ቁጥሩን ምን ላድርገው? እኔ ብቻውን አላነበውም። የኮዱ ለውጥ ሁሉ የሚመዘገብበትን የጊት ታሪክ እከፍትና የትኛው ፋይል በዓመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተነካ አያለሁ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ቁጥሩ 40 የሆነ፣ ግን ለዓመታት ማንም ያልነካው፣ ሥራውን በሰላም የሚሠራ ፋይል ካለ እተወዋለሁ። ነካክቼ ላበላሸው አልፈልግም። ቁጥሩ 15 ሆኖ በየሳምንቱ የሚነካ፣ የባግ ማስተካከያ የማይለየው ፋይል ካለ ግን ጊዜዬን የማፈሰው እሱ ላይ ነው። ቲሙ ዕለት ዕለት ዋጋ የሚከፍለው እዚያ ነዋ።

ሌላው የማየው አዝማሚያውን ነው። የሶፍትዌር ተመራማሪው ሜየር ሌማን በ1970ዎቹ ያስቀመጠው ሐሳብ አለ። በሥራ ላይ ያለ ሶፍትዌር እየተቀየረ ሲሄድ፣ ሆን ብሎ የሚቀንሰው ሰው ከሌለ በቀር ውስብስብነቱ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ፋንክሽን ዛሬ 12 መሆኑ ብዙም አያስጨንቀኝም። አምና 5 የነበረ፣ ከስድስት ወር በፊት 8 የነበረ፣ ዛሬ 12 የሆነ ከሆነ ግን እጠይቃለሁ። አዲስ ጥያቄ በመጣ ቁጥር አንድ ኢፍ እየተለጠፈበት ነው። ምናልባት እዚያ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ተደባልቀው ይሆናል።

ቲም የምትመሩ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ገደቡን አሮጌው ኮድ ሁሉ ላይ በአንድ ቀን አትጫኑት። ሺህ ማስጠንቀቂያ የሚያይ ሰው አንዱንም አያነብም። አዲስ የሚጻፈው እና ዛሬ የሚነካው ኮድ ላይ ብቻ አድርጉት። ቁጥሩ ሲያልፍም በሩን ከመዝጋት ይልቅ ሪቪው ላይ ውይይት ይክፈት። "ይሄ 14 የሆነው ለምንድነው?" ተብሎ ሲጠየቅ "ሕጉ ራሱ 14 ዓይነት ነው" የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ያ ተቀባይነት ያለው መልስ ነው። የግብር ሕግ ወይም የኢንሹራንስ ደንብ በተፈጥሮው ቅርንጫፉ ብዙ ነው፤ ኮዱ ከሕጉ ሊቀል አይችልም።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ስለ አንድ ፋንክሽን ውስጥ ነው። አንዱን ፋይል ስትነኩ ሌላ ሦስት ፋይል የሚሰበርበት፣ ካፕሊንግ የምንለው ጣጣ፣ ከእነዚህ ቁጥሮች በአንዱም ውስጥ አይታይም። ለእሱ በ1994 ቺዳምበር እና ኬሜረር ያወጧቸው ሌሎች ልኬቶች አሉ። በሚቀጥለው ክፍል በእነሱ ላይ እንገናኝ። ቸር ሰንብቱ።