የወባ ምርመራው «ኔጌቲቭ» ሲል

[ምስል፦ ድሬዳዋ። የግቢ ጥግ፤ ክዳን የሌለው የውሃ በርሜል።]

ተራኪ፦ የስድስት ዓመት ልጅ ነው እንበል። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል። «ዓይኔ ከውስጥ ያመኛል» ይላል። ረቡዕ ጠዋት እናቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ከጣቱ ጠብታ ደም ተወስዶ የወባ ምርመራ ተሠራለት፤ ወባ የለም ተባለ።

ታዲያ ምንድን ነው?

ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ልጆች የሚጎዱት እዚህ ጋ ነውና። ዋይዳል የሚባለው ምርመራ የታይፎይድን ባክቴሪያ ራሱን አያሳይም። የሚያሳየው ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ያ ደግሞ ካለፈ ሕመም የተረፈ ሊሆን ይችላል፤ በሌላ ኢንፌክሽንም ይነሣል። ስለዚህ አንዴ ብቻ የተሠራ ዋይዳል ልጁ ታይፎይድ ይዞታል ለማለት አያበቃም። ሕመሙ ከቫይረስ ከሆነ ደግሞ የሚታዘዘው አንቲባዮቲክ አይሠራለትም።

[ምስል፦ የኢትዮጵያ ካርታ፤ ድሬዳዋ ላይ ምልክት።]

ሊሆን ከሚችለው አንዱ ደንጊ የሚባለው የቫይረስ ትኩሳት ነው። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በላብራቶሪ የተረጋገጠው የደንጊ ወረርሽኝ የተነሣው እዚሁ ድሬዳዋ፣ በ2006 ዓ.ም. ነው። በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ የሚባል ሌላ የቫይረስ ትኩሳት ገብቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አልጋ ላይ ጣለ። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባል ትንኝ ናት። የምትናከሰው በቀን ነው፤ እንቁላሏን የምትጥለውም ለቤት በቀዳነው ውሃ ውስጥ፣ በርሜሉና ጀሪካኑ ውስጥ ነው። የሌሊቱ አጎበር ብቻውን አይበቃትም።

ሁለቱን በዓይን መለየት ይከብዳል። መገጣጠሚያው አብጦ እርምጃ ካቃተው ቺኩንጉንያ ይጠረጠራል። ሳልና የዓይን መቅላት ቀድሞ ሽፍታው ከጆሮ ጀርባ ከጀመረ ኩፍኝ መታሰብ አለበት።

ላብራቶሪውም ቢሆን መልስ የሚሰጠው እንደ ቀኑ ነው። ኤንኤስ1 የሚባለው የደንጊ ምርመራ ጥሩ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ገደማ ነው። ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው ምርመራ ግን ከአራተኛ፣ ከአምስተኛ ቀን በፊት ባዶ ሊወጣ ይችላል። ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀንና ሰዓት ካርዱ ጀርባ ላይ ጻፉ የምለው ለዚህ ነው። የወባውም ምርመራ ቢሆን ትኩሳቱ ካልበረደ ይደገም።

[ምስል፦ የልጅ ክንድ በቅርበት፤ የደም ግፊት መለኪያ።]

የላብራቶሪ መሣሪያ በሌለበት የሚረዳ ዘዴ አለ። ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን በላይኛውና በታችኛው ግፊት መካከል አድርጋ ለ5 ደቂቃ ታቆየዋለች። ከዚያ ክንዱ ላይ በጎንና በቁመት 2.5 ሴንቲ ሜትር በሆነች አራት ማዕዘን ውስጥ የወጡትን ቀያይ ነጥቦች ትቆጥራለች። 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ደንጊን ትጠረጥራለች። ነጥብ አለመውጣቱ ግን ደንጊ የለም አያሰኝም።

ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይሰጠው፦ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ መርፌ ግን ደም መፍሰስን ስለሚያባብሱ ይቅሩ። ፈሳሽ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም ጭምር፣ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ።

[ምስል፦ ዓርብ ማታ። ልጁ ተኝቷል።]

አሁን ትኩሳቱ በረደ። እናት «ተመስገን» ትላለች፤ ማን ይፈርድባታል? ደንጊ ከሆነ ግን አደገኛው ጊዜ ይህ ነው፤ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን፣ ልክ ትኩሳቱ ሲወርድ። ፈሳሽ ከደም ሥሩ እየሾለከ ይወጣል፤ በምርመራም ፕሌትሌቱ፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚረዳው ሕዋስ፣ ወርዶ ሄማቶክሪቱ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለው የቀይ ደም ሕዋስ ድርሻ፣ ከፍ ሲል ይታያል። ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ማስመለሱ ካላቆመ፣ ከነሰረው ወይም ድዱ ከደማ፣ ከፈዘዘ፣ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ወይም ለስድስት ሰዓት ሽንት ካልሸና፣ ሳይነጋ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ካርዱንም ያዙ።