ቦርከና፦ ጓሮ ወይስ ደጅ?

በኮምቦልቻ ከተማ ስለ ወንዝ ጥበቃ ለመነጋገር ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ።

የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን አባቶች፣ እናቶቼ፣ ሐረጎን ወርዳችሁ ከደሴ፣ ሽቅብ ወጥታችሁ ከከሚሴ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፦ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሰው ባዕድ አገር ሆኖ የአገሩን ሰው ሲያገኝ ምን ይላል? «የወንዜ ልጅ!» ይላል። የተራራዬ ልጅ፣ የመንገዴ ልጅ አይልም። አያቶቻችን ሰውን ከሰው የሚያዛምደው ከአንድ ውኃ መጠጣቱ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው ቋንቋው እንዲህ የሆነው። እኔ ደሴ ተወልጄ ኮምቦልቻ ጎጆ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከከሚሴ ከመጡት ጋር ስንገናኝም የወንዝ ልጆች ነን። ወንዛችን ቦርከና ነው።

ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼን ዳኑብ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚያልፍ ስጠይቃቸው ቬና፣ ብራቲስላቫ፣ ቡዳፔስት፣ ቤልግሬድ ብለው ሳይሳሳቱ ይደረድሩልኝ ነበር። ቦርከና የት ይገባል ስል ግን ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ያንን ትምህርት ከቦርከና ልጀምረው።

ክረምት ላይ ከደሴ በስተ ምዕራብ ከተራሮቹ ማዶ የሚወርደው ዝናብ በሽሎ ወንዝ ይገባል። በሽሎ ዓባይን ይቀላቀላል። ዓባይ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኝና በካይሮ በኩል አልፎ ሜዲትራንያን ባሕር ይገባል። ከተራሮቹ ወዲህ የሚዘንበው ግን የእኛ ነው። ቦርከና ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ ጨፋ የሚባለውን ረግረጋማ ሜዳ ያጠጣል፤ በመጨረሻም አዋሽ ይገባል። አዋሽም ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ፀሐይ ካልመጠጠችው በቀር መውጫ የለውም።

ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ። የአውሮፓዎቹ ወንዞች ቴምዝም ራይንም ቆሻሻቸውን ባሕር ላይ ይደፋሉ። የእኛ ውኃ መድፊያ የለውም። ደሴ የጣለችውን ኮምቦልቻ ትቀበላለች፤ ኮምቦልቻ የጨመረችበትን ጨፋ ይቀበላል። በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደር ሣርና ውኃ ፍለጋ ከብቱን ነድቶ ጨፋ ይወርዳል። ያ ከብት የሚጠጣው እኛ የለቀቅነውን ነው። ወተቱንና ሥጋውንም እኛው እንገዛለን።

ልጅ ሳለሁ ደሴ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ልብስ ይዘን ቦርከና እንወርድ ነበር። እናቴ እንዶዱን ጨቅጭቃ ጋቢውን ድንጋይ ላይ ስትወቅጥ፣ እኔ ከላይ በኩል በእፍኜ ውኃ እየጨለፍኩ እጠጣ ነበር። ባለፈው ሳምንት እዚህ ኮምቦልቻ ከድልድዩ ሥር ወርጄ ነበር። ዛፎቹ ላይ ከራሴ በላይ የፌስታል ቁርጥራጭ ተንጠልጥሏል፤ የክረምቱ ሙላት እስከየት እንደደረሰ የሚነግረን ፌስታሉ ሆኗል። አንድ ልጅ ፍየሎቹን ሊያጠጣ አመጣ። ፊተኛዋ አፍንጫዋን ወደ ውኃው ዝቅ አደረገች፤ አሸተተች፤ ሳትጠጣ ተመለሰች። ልጁ ጆሮዋን ይዞ ቢጎትታትም እንቢ አለች።

አሁን ወደ ሌላው ዓለም ልውሰዳችሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ለንደን ሀብታም ከተማ ነበረች። ቴምዝን ግን ጓሮ አድርጋው ነበር፤ የሽንት ቤቱ፣ የቄራው፣ የፋብሪካው ሁሉ ፍሳሽ እዚያው ይወርዳል። ከዚያው ወንዝ ይጠጣል። ኮሌራ በተደጋጋሚ ገብቶ ድሃውን ጨረሰው። በ1854 ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ ካርታ ላይ አስፍሮ፣ ብዙዎቹ ከአንድ የውኃ ፓምፕ የሚቀዱ መሆናቸውን አሳየ። ያኔም የሰማው ጥቂት ነው። በ1858 ግን በጋው ከረረ፤ ወንዙ ሸተተ። የምክር ቤቱ ሕንፃ ወንዙ ዳር ነውና መጋረጃዎቹን በኬሚካል እየነከሩ ሽታውን ሊከላከሉ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ የፍሳሽ መስመር የሚያሠራውን ሕግ ለማውጣት የፈጀባቸው 18 ቀን ብቻ ነው። ድሃው ዓመታት ሲሞት ያልተቻለው፣ ሽታው ባለሥልጣን አፍንጫ ሲደርስ በ18 ቀን ተቻለ። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ጆሴፍ ባዛልጌት የተባለው መሐንዲስ ከመሬት በታች 132 ኪሎ ሜትር ዋና የፍሳሽ መስመር በጡብ ሠራ። መስመሩ እስከ ዛሬ ይሠራል።

ግን ይህም አልበቃም። ከተማዋ እየሰፋች ሄደች፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም መስመሩን ጎዳው፤ በ1957 ተመራማሪዎች ቴምዝ በለንደን በኩል ሕይወት አልባ ሆኗል አሉ። እንደገና ተሠራ፤ የፍሳሽ ማጣሪያዎቹ ታደሱ። በ1974 ሳልመን የሚባለው ዓሣ ወንዙ ውስጥ ተገኘ። አንድ ወንዝ ሁለት ጊዜ ሊሞት፣ ሁለት ጊዜም ሊድን ይችላል ማለት ነው።

ከላይኛውና ከታችኛው ሰው ጉዳይ ጋር የሚሄደው የራይን ታሪክ ነው። በኖቬምበር 1986 ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ አንድ የኬሚካል መጋዘን ተቃጠለ። እሳቱን ያጠፋው ውኃ መርዙን ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ገባ። ራይን ቀላ። ጀርመንና ፈረንሳይ አልፎ እስከ ኔዘርላንድ የሚወርድ ወንዝ ነውና ምንም ያላጠፉት የታችኞቹ ከተሞች ጭምር ደነገጡ። በዓመቱ የወንዙ አገሮች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የጋራ ዕቅድ አወጡ። ግባቸውም ለማንም የሚገባ ነበር፦ እስከ 2000 ሳልመን ወደ ራይን ይመለስ አሉ። ውኃ ከላይ ካልጠራ ከታች አይጠራም የሚለውን የእኛን ተረት እነሱ በሥራ ተረጎሙት። እኛ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ከሚሴ ሆነን ለአንድ ወንዝ አንድ ቀን እንኳ አብረን አልተቀመጥንም። ዛሬ የመጀመሪያችን ይሁን።

ወንዛችን ትንሽ ነው የምትሉ አላችሁ። ለእናንተ ደግሞ ሴኡልን ልንገራችሁ። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን ለኮሪያ ሲዋጉ በነበረበት ዘመን በዚያች ከተማ መሀል ቾንግዬቾን የሚባል ትንሽ ወንዝ ያልፍ ነበር፤ ከቦርከና አይበልጥም። ከጦርነቱ በኋላ ተፈናቃዩ ዳርቻውን በደሳሳ ጎጆ ሞላው፤ ወንዙ ክፍት ቱቦ ሆነ። መንግሥት አፈረበትና በኮንክሪት ደፈነው፤ በላዩ መንገድ፣ ከመንገዱም በላይ ሌላ የተሰቀለ መንገድ ሠራበት። በ2003 ያንን ሁሉ ማፍረስ ጀመሩ። በ2005 ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ወንዝ ተከፈተ፤ ዛሬ ሰው ምሳውን ይዞ ዳሩ ላይ ይቀመጣል። ያለ ችግር አልሆነም። ዳሩ ላይ ይነግዱ የነበሩ ብዙ ሰዎች ተነሥተዋል። ውኃውም በአብዛኛው ከትልቁ ሃን ወንዝ በሞተር የሚሳብ ነው። እኛ ግን ያንን ወጪ አናወጣም፤ የእኛ ወንዝ ራሱ ይመጣል። የእኛ ሥራ አለመድፈን፣ አለመበከል ነው።

ፓሪስም ሴን ወንዝ ውስጥ መዋኘትን በ1923 ከልክላ ነበር። ሰው በይፋ ተመልሶ የገባበት በ2025 ነው። አንድ መቶ ዓመት ፈጀ። ለዚያውም ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ይዘጉታል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ደሴም ኮምቦልቻም ወንዛቸውን ጓሮ አድርገውታል። ቤታችንን ስንሠራ በሩን ወደ አስፋልቱ፣ ሽንት ቤቱን ወደ ወንዙ እናዞራለን። ሆቴሉም እንዲሁ። ጋራዡም የተቃጠለ ዘይቱን እንዲሁ። የፋብሪካዎቻችን ነገር ደግሞ ይከብዳል፤ ከመሀላቸው ልጆቻችን እንጀራ የሚያገኙባቸው አሉና ይዘጉ አልልም። ግን ፍሳሹን ሳያጣሩ መልቀቅ ወጪ መቀነስ ሳይሆን ወጪውን ለጨፋ እረኛ ማሸከም ነው። «ማጣሪያው ተበላሽቶ ነው»፣ «መለዋወጫ የለም» የሚለው ወንዝ የማያሻግር ምክንያት ነው። ውኃው ሲለቀቅ በየወሩ ይመርመር፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይለጠፍ። ከንቲባ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ፤ እኛ እናነበዋለን።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ወንዝ ዳር ቤት ያላችሁ፣ ከቤታችሁ ወደ ቦርከና የወጣ ቱቦ ካለ ለቀበሌው ንገሩ፤ አትደብቁ። ባለሙያ መጥቶ አይቶ፣ አቅም ለሌለው ሴፕቲክ ጉድጓድ በጋራ እንቆፍር። የደሴና የከሚሴ ሽማግሌዎች፣ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ የምትገናኙበትን ቀን ቁረጡልን፤ ቡናውን ኮምቦልቻ ታፈላለች።

ሦስተኛው ጥያቄዬ ስለ ቅዳሜ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከድልድዩ ሥር እንገናኝ። አካፋ ያለው አካፋ፣ ማዳበሪያ ጆንያ ያለው ጆንያ፣ ቦት ያለው ቦት ይዞ ይምጣ። ልጆች ያለ ጓንት እንዳይገቡ። ከዛፎቹ ላይ ፌስታሉን ለማውረድ ረጅም መሰላል ያስፈልገናል፤ ያላችሁ ዛሬውኑ ንገሩኝ።